እንዴት እንደዋልንም ጠይቁን

ይድረስ፦ የእንቅልፍ መድኃኒት ለምታዝዙ ሐኪሞች፣ ለምታድሉ የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ መድኃኒት ለምትመረምሩና ለምትፈቅዱ ተቆጣጣሪዎች፣ በያላችሁበት

ጠዋት ስንገናኝ «እንዴት አደሩ?» እንባባላለን፤ ማታ ደግሞ «እንዴት ዋሉ?»። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። እንቅልፍ አጥቼ ሐኪም ዘንድ በተመላለስኩባቸው ዓመታት የተጠየቅሁት ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ተኙ?» «ተኝቻለሁ።» «ስንት ሰዓት?» «ሰባት ያህል።» «በጣም ጥሩ፤ በዚሁ እንቀጥላለን።» ማዘዣው ይታደሳል፤ ቀጣዩ ታካሚ ይጠራል። ከኪኒኑ በኋላ ያለው ጠዋት ምን እንደሚመስል፣ ረፋድ ላይ ቁጥር እንዴት እንደማነብ፣ መኪና እንዴት እንደምነዳ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሁለተኛው ጥያቄም እንዲጠየቅ ነው።

ማን እንደሆንኩ በአጭሩ ልናገር። የ58 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሙያዬ ሒሳብ መዝገብ ነው። እንቅልፍ ካጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። አንድ ሁለት ሌሊት መገላበጥን አይደለም የምለው፤ ሐኪሞች ሥር የሰደደ የሚሉትን፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየመጣ 3 ወርና ከዚያ በላይ የሚዘልቀውን ነው። ጣሪያ ላይ አፍጥጦ ማደር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ለሚያውቅ ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ ኪኒኑ እጄ የገባ ዕለት እንደ ምሕረት ነበር የተቀበልኩት። ዛሬም ቢሆን የመድኃኒት ጠላት አይደለሁም፤ ይህ ደብዳቤም «ኪኒን ይቅር» የሚል አይደለም።

የታዘዘልኝ ዞልፒደም ነበር፤ ባለ 10 ሚሊ ግራም። ሌሊቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተስተካከለ። በቀን ይደርስብኝ የነበረው ሁሉ ጥቃቅን ነገር ስለነበረ ለረጅም ጊዜ ስም አላወጣሁለትም። አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ተገኘሁ። ማንም ይሳሳታል፤ የእኔን ስሕተት እንግዳ ያደረገው ሁለተኛውን ስመዘግብ የመጀመሪያውን ጨርሶ አለማስታወሴ ነበር፤ በመካከላቸው የሩብ ሰዓት ልዩነት እንኳ አልነበረም። ልጄ በስልክ ሳወራት «እማዬ፣ ይህን እኮ ትናንት ጠዋት ነግረሽኛል» አለችኝ። አልነገርኩሽም ብዬ ተቆጣኋት። ነግሬያት ነበር።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። አንድ ሰዓት ላይ መኪና እየነዳሁ ወደ ሥራ ስሄድ ቀይ መብራት ላይ ቆምኩ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላዬ ያሉት ክላክሳቸውን አንባረቁብኝ። ተኝቼ አልነበረም። ዓይኔ ክፍት ነበር፤ መብራቱ ሲለወጥም አይቼዋለሁ። ያየሁት ነገር ግን ከዓይኔ ተነሥቶ እግሬ ጋ እስኪደርስ ረጅም መንገድ የሄደ ይመስል ነበር። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ አረንጓዴው ወደ ቀይ ሲለወጥ ቢሆን ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል እንደነበር ለማሰብ ድፍረቱን ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

በዚያ ጠዋት ለራሴ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነውና። «ዛሬም በደንብ አልተኛሁም» ነው ያልኩት። ሌላ ምን ልበል? እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀን ቀን ይፈዝዛል፣ ይረሳል፣ ይነጫነጫል፤ የሕመሙ መገለጫ ነው። ከሌሊቱ ኪኒን የተረፈውም ሰውን ያፈዝዛል፣ ያስረሳል፣ ያነጫንጫል። ሁለቱ አንድ ልብስ ለብሰው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠረጥረው የቀድሞ ጠላቱን ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? መድኃኒቱ አልበቃኝም ብሎ ይጨምራል። ትናንት ግማሽ የነበረውን ዛሬ ሙሉ ያደርገዋል፤ ወይም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲነቃ ሌላ ይደግማል። በማግስቱ የባሰ ይፈዝዛል። የባሰ ሲፈዝዝ ደግሞ «ይኸው፣ ሕመሜ እየጠናብኝ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አዙሪት ውስጥ ስምንት ወር ያህል ኖሬበታለሁ፤ ያወጣኝም ጥበቤ አይደለም፤ ጉንፋን ይዞኝ ለአምስት ቀን ከሥራ ቀርቼ አንድ ቀን እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት በመተኛቴና ከቀትር በኋላ አእምሮዬ ከወትሮው ጠርቶ በማየቴ ነው። ያን ጊዜ «ቆይ፣ ይህ ነገር ሰዓት አለው ማለት ነው» አልኩ።

አዎን፣ ሰዓት አለው። በእኛ ሙያ የዞረ ቀሪ የምንለው አለ፤ ያለፈው ወር ሲዘጋ ያልተወራረደው ሒሳብ በአዲሱ ወር የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፋል። ከሰውነታችን ያልወጣ መድኃኒትም ወደ ቀን የዞረ ቀሪ ነው። እያንዳንዱ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እንዲቀንስ የሚፈጅበት የራሱ ጊዜ አለው። ለዛሌፕሎን 1 ሰዓት ያህል ነው፤ ለዞልፒደም 2.5 አካባቢ፤ ለዞፒክሎን 5፣ ለኤስዞፒክሎን 6 ገደማ። ከአዳዲሶቹ ወገን የሆነው ሱቮሬክሳንት 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከቀድሞዎቹ መካከል ፍሉራዜፓም ራሱ ቶሎ ይፈርሳል፤ ሲፈርስ የሚፈጠረው ሌላ ንጥረ ነገር ግን በግማሽ ለመቀነስ ከ2 እስከ 4 ቀን ይቆያል። የዳያዜፓምም ነገር ከዚህ አይርቅም።

እስቲ አብረን እናስላ። በ5 ሰዓት የሚገመሰውን ኪኒን ማታ 5 ሰዓት ላይ ውጦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው፣ ከዋጠው ሲሦው ገና በሰውነቱ ውስጥ አለ። በግማሽ ለመቀነስ 24 ሰዓት የሚፈጀውን የሚወስድ ሰው ደግሞ፣ ሁለተኛውን ሲውጥ የመጀመሪያው ግማሽ ሳይወጣ ይጠብቀዋል። 10 ሚሊ ግራም የዋጠ ሰው በሁለተኛው ሌሊት 15፣ በሦስተኛው 17.5 ይዞ ይተኛል፤ ሳምንት ሳይሞላው ወደ 20 ይጠጋል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 10 ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ለአለቃዬ ባቀርብ በማግስቱ ሥራ ፈላጊ እሆን ነበር። እርግጥ ይህ የወረቀት ስሌት ነው። የሁሉም ሰው ጉበት እኩል አይሠራም፤ ዕድሜ ያዘገየዋል፣ አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ያዘገየዋል፤ ሴትነትም እንዲሁ።

ስለ ሴትነቱ ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለሴቶች የሚታዘዘው ዞልፒደም ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም፣ ቀስ በቀስ የሚለቀቀው ዓይነት ደግሞ ከ12.5 ወደ 6.25 እንዲወርድ አደረገ። ምክንያቱ የሌሊቱ ሁኔታ አልነበረም፤ ጠዋቱ ነበር። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ50 ናኖ ግራም በላይ ዞልፒደም የቀረበት ሰው የመንዳት ችሎታው ለአደጋ በሚያጋልጥ ደረጃ ሊጓደል ይችላል። ወደ 250 ሴቶችና ወደ 250 ወንዶች በተካተቱባቸው ጥናቶች፣ 10 ሚሊ ግራም ከዋጡ ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ ከዚህ መስመር በላይ የተገኙት ከሴቶቹ 15 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 3 ከመቶ ነበሩ። ቀስ በቀስ በሚለቀቀው ባለ 12.5 ሲሆን ደግሞ ከሴቶች 33 ከመቶ፣ ከወንዶች 25 ከመቶ። ከሦስት ሴቶች አንዷ ማለት ነው፤ ያውም ስምንት ሰዓት ከቆየች በኋላ!

የሴት ሰውነት ይህን መድኃኒት ከወንዱ ይልቅ በዝግታ ያስወግዳል። ዞልፒደም በአሜሪካ የተፈቀደው በ1992 ነበር፤ ስለዚህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሴቱም ወንዱም አንድ ዓይነት መጠን ሲታዘዝለት ኖረ። ይህ ያስቆጫል፤ እኔን የበለጠ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ለእኔ ባለ 10 የታዘዘልኝ ይህ ሁሉ ከታወቀ፣ ከተወሰነና ከተጻፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያዘዘልኝ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ትሑትና ታካሚን የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ኪኒኑን ያስረከበኝም ባለሙያ ፈገግ ብሎ «ማታ አንድ» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ማታ የሚባለው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኔ ሥራዬን ጨርሼ፣ ዜና አዳምጬ፣ መጀመሪያ ያለ ኪኒን ልሞክር ብዬ ተገላብጬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር የምውጠው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እነሣለሁ። መመሪያው ላይ ከ7 እስከ 8 ሰዓት የሚተኙበት ጊዜ ከሌለ አይውሰዱ የሚል መስመር እንዳለ ያወቅሁት በደቃቁ የታተመውን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ያነበብኩ ዕለት ነው። ሙሉ ሆድ ላይ ሲወሰድ ሥራውን ዘግይቶ እንደሚጀምርም እዚያው ላይ ተጽፏል።

በ2014 ተራው የኤስዞፒክሎን ሆነ፤ የመነሻ መጠኑ ከ2 ወደ 1 ሚሊ ግራም ወረደ፣ ለሴትም ለወንድም። ከውሳኔው ጀርባ 91 ጤናማ ጎልማሶች የተካፈሉበት ጥናት አለ፤ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 40። 3 ሚሊ ግራም ሲወስዱ እስከ 11 ሰዓት ድረስ የመንዳት ችሎታቸው፣ ትውስታቸውና የአካላቸው ቅንጅት ተጓድሎ ተገኘ። አሥራ አንድ ሰዓት! ማታ 5 ሰዓት የዋጠ ሰው በማግስቱ 4 ሰዓት ድረስ ማለት ነው፤ የሥራ ሰዓት ገብቶ ሻይ ዕረፍት ሊደርስ ሲል። ከዚህም የከፋው ተከትሎ የተጻፈው ነው፦ ተሳታፊዎቹ ችሎታቸው መጓደሉ ብዙውን ጊዜ አይታወቃቸውም ነበር።

እንግዲህ ሐኪም «ጠዋት ጠዋት ድብታ ይሰማዎታል?» ብሎ ቢጠይቀኝና «ኧረ ደኅና ነኝ» ብለው፣ መልሴ ምን ያህል ዋጋ አለው? ምስክሩ ራሱ ተከሳሹ ነው። በእኔ ሙያ ገንዘብ ያዡ የራሱን ካዝና ቆጥሮ «ልክ ነው» ቢል ኦዲተር በቃኝ አይልም። ሳይዋሽ ሊሳሳት ይችላልና።

ይህን የተረዱ ተመራማሪዎች አሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት አንድ ፈተና ስላለ ስለ እሱ ሳነብ፣ ዕቃን በሚዛን እንጂ በዓይን ግምት መለካት የማይወድ ሰው ደስ የሚለውን ያህል ነበር ደስ ያለኝ። መድኃኒቱን ማታ የወሰደው ሰው ጠዋት እውነተኛ መኪና ይሰጠዋል፤ እውነተኛ አውራ ጎዳና ላይ፣ ከሌላው ተሽከርካሪ ጋር ተቀላቅሎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። አጠገቡ የራሱ ፍሬን ያለው አሠልጣኝ ተቀምጧል። ነጂው የታዘዘው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፍጥነቱን በሰዓት 95 ኪሎ ሜትር ላይ ማቆየትና መስመሩን ጠብቆ መሄድ። ካሜራ መኪናው ከመንገዱ ቀለም ምን ያህል እንደሚርቅና እንደሚቀርብ ይለካል፤ የሚፈለገው መኪናው ግራና ቀኝ የሚዋልልበት መጠን ነው። በደሙ ውስጥ 0.5 ግራም በሊትር አልኮል ያለበት ሰው፣ ማለትም በብዙ አገሮች ሕግ የሚከለከልበት ወለል ላይ የደረሰ፣ ከወትሮው በ2.4 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ይዋልላል። ያቺ 2.4 እንደ መለኪያ ድንጋይ ሆነች። ማታ 7.5 ሚሊ ግራም ዞፒክሎን የወሰዱ ሰዎች ከ10 እና ከ11 ሰዓት በኋላ ሲፈተኑ ከዚያ መስመር አልፈው ተገኝተዋል። ይህም ደጋግሞ ከመታየቱ የተነሣ፣ ሌላ አዲስ መድኃኒት ሲፈተን ዞፒክሎን «መኪና እንዲህ ነው የሚያዋልለው» ተብሎ ለማነጻጸሪያ ይቀርባል። ለሚሊዮኖች የሚታዘዝ መድኃኒት ለመጥፎ ምሳሌነት መመረጡን ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ልብ በሉ፣ ማንም አልኮል ጠጥቶ ጠዋት መኪና ውስጥ ቢገባ ቢያንስ መጠጣቱን ያውቃል። ኪኒን የዋጠው ሰው ግን ተኝቶ ነው የተነሣው፤ ሕጋዊ ነገር ነው ያደረገው፤ ሐኪሙን ነው የታዘዘው።

ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጡት አላልፍም፤ ሰው «ቀላል» የሚላቸው እነሱን ነውና። ዳይፈንሃይድራሚን የመሰሉት የቀድሞ የአለርጂ መድኃኒቶች በአዋቂ ሰው ደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 9 ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል፤ በአረጋዊ ሰው ከዚያ በላይ። አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ሽንት ይከለክላሉ፣ ሽማግሌን ያወናብዳሉ። በ2000 በታተመ አንድ ጥናት 40 ሰዎች በመንዳት ማስመሰያ መሣሪያ ላይ ተፈትነው፣ ዳይፈንሃይድራሚን ከአልኮል ይልቅ አነዳዳቸውን አበላሽቶት ተገኝቷል። ፈተናው የተካሄደው መድኃኒቱ እንደተወሰደ እንጂ በማግስቱ አይደለም፤ ለእኔ ጉዳይ የሚጠቅመው ሌላው ግኝቱ ነው። ሰዎቹ «ይህን ያህል እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል» ብለው የሰጡት ግምት አነዳዳቸው ምን ያህል እንደተበላሸ አያሳይም ነበር። እንደገና ያው ምስክር! ለድባቴ ሕክምና የተሠሩትና በትንሽ መጠን ለእንቅልፍ የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ሚርታዛፒንም ቀኑን ሙሉ የሚከተሉ ናቸው፤ ሚርታዛፒን በግማሽ ለመቀነስ ከ20 እስከ 40 ሰዓት ይወስዳል።

ለአረጋውያን ብዙ መጻፍ አያስፈልገኝም፤ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያሳትመውና የቢርስ መመዘኛ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ቤንዞዲያዜፒኖቹም (እነ ዳያዜፓምና ፍሉራዜፓም ያሉበት ወገን)፣ እነ ዞልፒደምም፣ እነዚያ የአለርጂ መድኃኒቶችም ለአረጋዊ ባይሰጡ ይመረጣል ተብለው ተመዝግበዋል። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መውደቅ፣ የዳሌ አጥንት መሰበር፣ ከዚያ የሚከተለው ሁሉ። ዝርዝሩ ከ1991 ጀምሮ አለ። ማዘዣዎቹም አሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ።

ሐኪሞች ሆይ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ጠዋት ስንት ሰዓት እንደምነሣና ተነሥቼ ምን እንደምሠራ ጠይቁኝ። መኪና የምነዳ፣ ማሽን የማንቀሳቅስ፣ ሕፃን የማጥብ፣ መሰላል የምወጣ ልሆን እችላለሁ። የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን በሌሊቴ ብቻ ሳይሆን በማለዳዬ ልክ ምረጡ፤ ከዝቅተኛው ጀምሩ። ተመልሼ ስመጣ ደግሞ «ድብታ አለ?» ብላችሁ አትለፉኝ። አብሮኝ የሚኖረውን ሰው ጠይቁት፤ የእኔን ጉዳይ ከእኔ ቀድማ ያወቀችው ልጄ ነበረች። ስለ ስሕተቶቼ ጠይቁኝ፤ ምን ረሳሁ፣ ምን ደገምኩ፣ መኪናዬ አዲስ ጭረት አላት ወይ? ሰው ስሜቱን ይሳሳታል እንጂ ጭረት አይጠፋውም። ፍዘት እንዳለ ስነግራችሁም መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት ቀንሳችሁ ለመሞከር አስቡ፤ ሕመሜ እንጂ መድኃኒቱ ሊሆን አይችልም ብላችሁ አትነሡ።

ፋርማሲስቶች፣ «ማታ አንድ» የሚለው አነጋገር ይሻሻልልን። «ከመኝታ በኋላ ስምንት ሰዓት ከሌለዎት አይውሰዱት፤ ሌሊት ነቅተው አይድገሙት፤ ከመጠጥ ጋር አይውሰዱት» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሌሊት ነቅቶ የሚወሰድ ዞልፒደም ከምላስ ሥር የሚሟሟ ሆኖ በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው ለብቻው ነበር፤ መጠኑ ለሴት 1.75፣ ለወንድ 3.5 ሚሊ ግራም ብቻ ሆኖ፣ ያውም ቢያንስ 4 ሰዓት የመተኛ ጊዜ ለቀረው ሰው። እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እደግመው የነበረው ባለ 10ሩን ግማሽ ነው። ለሴት ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ተቆጣጣሪዎች ዘንድ ያለኝ ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የእንቅልፍ መድኃኒት ለፈቃድ ሲቀርብ በዋናነት የሚለካው ሰው በስንት ደቂቃ እንደተኛና ስንት ሰዓት እንደተኛ ነው። እነዞልፒደም ላይ የተደረጉና ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ የቀረቡ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ፣ በ2012 የታተመ ሥራ፣ በመሣሪያ ሲለካ ኪኒኑ ከባዶ ኪኒን ይልቅ ሰውን በ22 ደቂቃ ያህል ቀድሞ እንደሚያስተኛ አስልቷል። 22 ደቂቃ ለእንቅልፍ አጥ ሰው ቀላል ነገር አይደለችም፤ እኔ አልንቃትም። ነገር ግን በገቢው ዓምድ 22 ደቂቃ ከተጻፈ፣ በወጪው ዓምድ በማግስቱ የሚከፈለው ሰዓት ለምን አይጻፍም? በማሸጊያው ፊት ለፊት፣ በትልቁ፣ «ከወሰዱ በኋላ ለዚህን ያህል ሰዓት አይንዱ» የሚል ቁጥር ይቀመጥልን። የጠዋቱም ፈተና ከ25 እስከ 40 ዓመት ባሉ ጤነኞች ላይ ብቻ አይወሰን። ኪኒኑን የምንውጠው እኛ ነን፦ ያረጀን፣ የደም ግፊት መድኃኒት የደረብን፣ እንቅልፍም ያጣን።

ያለ ኪኒን የሚሰጠውንም ሕክምና ንገሩን። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016፣ የአውሮፓ መመሪያም በ2017፣ ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው ብለዋል። በአልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ማሳጠር፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድ፣ የመነሻን ሰዓት አለመለዋወጥ፣ «ዛሬ ካልተኛሁ ነገ አለቀልኝ» የሚለውን ሐሳብ መመርመር ነው ሥራው። እኔ በሰባተኛው ዓመቴ ነው የሰማሁት። ለእውነት ሲባል ይህንንም ልናገር፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። የአልጋ ሰዓቴ ሲያጥር ቀን ላይ ያንጎላጀኝ ነበር፤ በእነዚያ ሳምንታት መኪናዬን አቁሜ በእግሬና በሰው መኪና ሄጃለሁ። ልዩነቱ ግን ይህ እንደሚሆን አስቀድሞ የተነገረኝ መሆኑ ነው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ታካሚዎች አንድ ቃል፦ ደብዳቤዬን አንብባችሁ ኪኒናችሁን ዛሬ ማታ አትጣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰዱትን በድንገት ማቆም እንቅልፍን ከቀድሞው ብሶ እንዲጠፋ ያደርጋል፤ ቤንዞዲያዜፒን የሆነ እንደሆነ ደግሞ እስከ መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ሊያደርስ ይችላል። የሚቀነሰው ከሐኪም ጋር፣ ቀስ በቀስ ነው። እኔ ከ10 ወደ 5 ወርጄ፣ ከዚያ በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ አልፎ አልፎ ለማድረስ ወራት ፈጅቶብኛል። ዛሬም አልፎ አልፎ እወስዳለሁ፤ በማግስቱ መኪና በማልነካበት ዋዜማ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ።

ቀጠሮዬ በሚቀጥለው ወር ነው። ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ይዤ እመጣለሁ። በግራው ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ በቀኙ በማግስቱ የተሳሳትኩትን፣ የረሳሁትንና የደገምኩትን ከነሰዓቱ ጽፌዋለሁ። ከተቻለ ከቀኙ ዓምድ ጀምራችሁ አንብቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ታካሚ